በገዳሙ ጓሮ የተሰጣ ድልህ

ዶና አግሪፒና ልጇን ማክበር የጀመረች ዕለት ቬኔራ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አለቀሰች።

እስከዚያ ድረስ እናትና ልጅ እንደ ማንኛውም የካታኒያ ከተማ እናትና ልጅ ነበሩ። ሲጨቃጨቁ ይውላሉ፣ እየተጨቃጨቁ ይበላሉ፣ ከመተኛታቸው በፊትም ለእንቅልፍ እንዲሆናቸው አንድ ዙር ይጨምራሉ። «አንቺ ደንባራ!»፣ «አንቺ እጀ ሰባራ!» እየተባለች ነው ቬኔራ ያደገችው። አግብታም፣ ወልዳም፣ ልጇን ለሥራ ወደ ጀርመን ሸኝታም፣ ባሏን ቀብራ ጠጉሯ ከሸበተ በኋላም ስድቡ አልቀረላትም፤ እሷም ብትሆን የምትመልሰው አታጣም ነበር። አንድ ጠዋት ግን ወተት አሙቃ፣ ዳቦ ቆርሳበት ስታቀርብላት እናቷ ከወንበሯ ብድግ ለማለት ሞከረች፤ አንገቷን ሰበር አድርጋም፣

«እግዜር ይስጥልኝ እመቤቴ። ምነው በኔ የተነሣ ይደክማሉ? ልጄ አሁን ትመጣለች» አለቻት።

ቬኔራ መጀመሪያ ሽሙጥ መሰላት። «እማዬ፣ በጠዋቱ ደግሞ ምን አደረግሁሽ?» አለች። አሮጊቷ ግን ክፋት የሌለበት የእንግዳ ፈገግታ ፈገግ ብላ ወተቷን ጠጣች፤ ኩባያውን ስትመልስም መረቀቻት። ያን ጊዜ ነው ቬኔራ ፊቷን ያዞረችው።

ሐኪሙ የእርጅና ነው አለ። ይህን ለማለት ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ ጎረቤቱ ሁሉ ብሎት ነበር። መርሳቱ አግሪፒና ላይ የመጣው ከሥር ወደ ላይ እንደሚወጣ የግድግዳ እርጥበት ነው፤ መጀመሪያ የትናንቱን፣ ቀጥሎ የአምናውን፣ ከዚያ የልጅ ልጇን፣ በመጨረሻም ልጇን ወሰደባት። የድሮው ብቻ ሳይነካ ቀረ። ስለ ጦርነቱ፣ ስለ ቦምቡ፣ ስለ ገዳሙ ኑሮ ከጠየቋት ጠዋት ከገበያ እንደመጣች ሴት አንድ በአንድ ታወራለች። በዚያ ወሬ ውስጥ «ቬኔራዬ» የምትባል አንዲት ሕፃን አለች፤ ሁልጊዜ የምትጠፋ፣ ሁልጊዜ የምትፈለግ። ሽበታሟ ቬኔራ አጠገቧ ቁጭ ብላ የዚያችን ሕፃን ወሬ ትሰማለች። ትቀናባት ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ነሐሴ ሲገባ ነገሩ ይብሳል። አሮጊቷ ጎሕ ሲቀድ ትነሣና በር በሩን ትላለች። «ስጡን ማን ሊያማስልልኝ ነው?» ትላለች። ስጡ ቲማቲም ነው። በኛ አገር ፀሐይ በምትበረታበት በነሐሴ ቲማቲም ይቀቀላል፣ ይጠለላል፣ ጨው ይገባበታል፤ ከዚያ በሳንቃ ላይ ስስ ሆኖ ይፈስና ፀሐይ ላይ ይሰጣል። እየተማሰለ ውሃውን ፀሐይ ስትጠጣው ጠቆር ያለ ቀይ ድልህ ይሆናል። ማሰሮ ውስጥ ታጭቆ፣ ዘይት ፈሶበት፣ በሶብላ ጣል ተደርጎበት የብርዱን ክረምት የሚያሻግረን እሱ ነው። ነገሩም የሆድ ብቻ አይደለም፤ ድልሁ የቀጠነባት ሴት በሰፈር ውስጥ ስሟም አብሮ ይቀጥናል።

የቬኔራ ቤት በጠባብ መንገድ ላይ ያለች አንዲት ምድር ቤት ናት። ፀሐይ ቀትር ላይ ብቅ ትልና እንዳፈረ እንግዳ ወዲያው ትሄዳለች። ቬኔራ አንዲት ሳንቃ በሯ ላይ በወንበር አስደግፋ ብታሰጣላት እናቷ ዙሪያውን አየችና፣ «ይሄ የማን ምስኪን ስጥ ነው?» ብላ አዘነችለት። ቬኔራ የቆረጠችው ያን ጊዜ ነው። እናቷን ወደ ገዳሙ ጓሮ ልትመልሳት፤ ድሮ ስታሰጣ በኖረችበት ቦታ አቁማት አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ስሟን ስትጠራ ልትሰማ። ድልሁ ሰበብ ነው።

የሰፈሩ ሰው «ገዳሙ» የሚለው ቤት መነኩሴ ካየ ብዙ ዘመኑ ነው። የቅዱስ ቤኔዲክቶስ ልጆች ነበሩበት ይባላል፤ ሁሉም የመኳንንት ዘር። ስለ ጸሎታቸው እግዜር ያውቃል፤ ስለ ሆዳቸው ግን እኛም እናውቃለን፤ ወጥ ቤታቸው የአንድ ደብር ቤተ ክርስቲያን ያህላል። ጥንት ተራራዋ፣ ኤትና ማለቴ ነው፣ ተቆጥታ የእሳት ጎርፏን ስትለቀው እርሻውን ሁሉ እየበላ ወርዶ እገዳሙ ግድግዳ ሥር ቆመ። እዚያው ቀዘቀዘ፤ ከቤት የሚረዝም ጥቁር አለት ሆኖም ቀረ። ሌላ ሰው ቢሆን አገር ጥሎ ይሰደድ ነበር። እነሱ ግን በአለቱ አናት ላይ አፈር አስጭነው አትክልት ተከሉ፤ ወጥ ቤታቸውንም እዚያው ላይ አቆሙ። ስለዚህ በፊት ለፊት ገብተህ የእብነ በረዱን ደረጃ እያለከለክህ ወጥተህ፣ ረጅሙን ኮሪደር ጨርሰህ በጓሮ በር ብቅ ስትል የሚጠብቅህ ሰገነት አይደለም፤ መሬት ነው፣ ሎሚ የበቀለበት መሬት። ልጅ ሆነን ይህ አይገርመንም ነበር። የሁሉም ሰው ቤት እንደዚያ ይመስለን ነበር።

ትልቁ ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት ደግሞ ግዙፍ ምሰሶዎች ወገባቸው ላይ ተቆርጠው ቆመዋል። ገንዘቡ አለቀ ወይ ሐሳቡ፣ ብቻ አልተጨረሱም። እኛ ዘንድ ሥራ ጀምሮ የሚተወውን ሰው «የገዳም ምሰሶ» እንለዋለን።

በጦርነቱ ጊዜ ከተማው ሲደበደብ ቤቱ የፈረሰበት ሁሉ ወደ ገዳሙ ገባ። አግሪፒና ባሏ ከግንባር አልተመለሰም፤ ሕፃኗን ቬኔራን አዝላ አንዲት የመነኩሴ እልፍኝ ያዘች። ጣሪያው እንደ እንቁላል ቅርፊት የጎበጠ፣ መላእክት የተሣሉበት ክፍል ነበር፤ አንድ መነኩሴ ይጠበው በነበረው እልፍኝ ሁለትና ሦስት ቤተሰብ ሰፍቶት ኖረ። በምሰሶዎች በተከበበው ግቢ ልብስ ይሰጣል፤ በወጥ ቤቱ መካከል ባለው ትልቅ የምድጃ ዐምድ ዙሪያ ሴቶቹ ተራ ይዘው ይቀቅላሉ፤ ነሐሴ ሲደርስም የአለቱ ጓሮ ከዳር እስከ ዳር በቀይ ሳንቃ ይሞላል። ጥቁሩ ድንጋይ ሙቀት ስለሚይዝ ስጡን ከላይ ፀሐይ ከታች ድንጋዩ ያደርቀዋል። የአግሪፒና ድልህ ማንኪያው ቢገለበጥ እንኳ አይወድቅም ነበር። ሌሎቹ ሴቶች ይህን በግልጽ አላመኑም፤ ግን ማሰሯቸውን ይዘው እየመጡ ያስቀምሷት ነበር።

በኋላ ቤተሰቦቹ አንድ በአንድ ወጡ። ቤቱ ለዩኒቨርሲቲ ተሰጠ፤ ግንበኞች ገቡ፣ ኖራው ተፋቀ፣ ድንጋዩ ታጠበ፣ መላእክቱ ፊታቸውን ታጥበው እንደገና ተገለጡ። በእልፍኞቹ ውስጥ መምህራን ጠረጴዛ ዘረጉ። ደግ ነው፤ ፈርሶ ከሚቀር ተማሪ ቢያንጫጫበት ይሻላል። የጓሮው መግቢያ ግን የብረት በር ተገጠመለት፤ የበሩም ቁልፍ ቺሪኖ እጅ ገባ።

ቺሪኖ ከእነ ቬኔራ ፊት ለፊት በነበረው እልፍኝ ያደገ ልጅ ነው። ልጅ አልኩት እንጂ አሁን ባርኔጣ ያደረገ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ጡረታው የደረሰ ዘበኛ ነው። በጎረምሳነቱ ቬኔራን ለጋብቻ ሊጠይቅ ሦስቴ ወደ እናቷ ሄዶ ሦስቱንም ጊዜ ስለ አየሩ አውርቶ የተመለሰ ሰው ነው። ቬኔራ ሌላ አገባች፤ እሱም ሌላ አገባ፤ ቀልዱ ብቻ ቀረ።

ቬኔራ ቀኑን መርጣ እጥበቃው ክፍል ሄደች።

«ቺሪኖ፣ የጓሮው ቁልፍ አንተ ጋ ነው አይደል?»

«የትኛው ጓሮ?»

«ሞኝህን ፈልግ።»

«ቬኔራ፣ ዩኒቨርሲቲ ነው እኮ! የአክስትሽ ግቢ አደረግሽው?»

«ሱሪ ሳትታጠቅ ስትሮጥበት ያየሁህ ጓሮ ነው። ዛሬ ባርኔጣ ስላደረግህ ነው የምትኮራብኝ?»

«ያኔ ቆንጆ ነበርኩ።»

«ያኔም አልነበርክም። ቲማቲም ላሰጣ ነው። እናቴን ይዤ።»

ቺሪኖ ግራና ቀኝ አየ። «አብደሻል? ያንን ድንጋይ እኮ በብሩሽ ነው ያጠቡት። በጥርስ ብሩሽ ማለት ነው የቀረው! እድሳቱን የምትመራው አርክቴክት አንዲት ጠብታ ካየች እኔን ነው ሳንቃው ላይ የምታሰጣኝ።»

«አንተማ አትደርቅም። ውሃህ ብዙ ነው።»

«ሳቂ፣ ሳቂ! የምባረረው እኔ።»

ቬኔራ ግን አልሳቀችም። በሩ ላይ ተደግፋ መሐረቧን ታፍተለትል ጀመር።

«ቺሪኖ፣ እናቴ ‹እመቤቴ› ነው የምትለኝ። ስመግባት ታመሰግነኛለች። ሳጥባት ይቅርታ ትጠይቀኛለች። እንደ ሰው ቤት እንግዳ። አንድም ቀን ‹ደንባራ› አላለችኝም፤ ሁለት ዓመት ሆናት። ልጇን እዚያ ጓሮ ውስጥ ትታት የወጣች ይመስለኛል። ሄጄ ላምጣት።»

ቺሪኖ ባርኔጣውን አወለቀ፣ አገላብጦ አየው፣ መልሶ አደረገው። አግሪፒና እሱንም አብልታዋለች። የእናቱ ጡት ደርቆ በነበረ ጊዜ ለታናሽ እህቱ ወተት የለመነችው እሷ ናት።

«ነገ በወጥ ቤቱ በኩል ያለውን የጓሮ በር መቆለፍ እረሳለሁ» አለ በመጨረሻ። «ሽማግሌ ነኝ፤ ያምርብኛል። ግን በፊት ለፊት እንዳትገቢ፤ የፈተና ሰሞን ነው፣ ተማሪ ሞልቷል። ደግሞ ቬኔራ...»

«እ?»

«አየሩ ጥሩ ነው።»

«የገዳም ምሰሶ!» ብላው ሄደች፤ መንገዱን ሙሉ ፊቷ ፈገግ እንዳለ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ቬኔራ ቤቷ ቀቅላ ያጠለለችውን በባልዲ አድርጋ፣ ሳንቃዎቹን በእጅ ጋሪ ጭና፣ እናቷን በክንዷ ደግፋ በጎን በር ገባች። አሮጊቷ ኮሪደሩ ውስጥ ስትገባ እርምጃዋ ተለወጠ። ያ ኮሪደር ከወዲያኛው ጫፍ የሚመጣው ሰው ወዳጅ ይሁን ጠላት ለመለየት ጊዜ የሚሰጥ ነው፤ ጠላት ከሆነም ለመታረቅ ጊዜ ይሰጣል። አግሪፒና በመዳፏ ግድግዳውን እየዳሰሰች፣ በየበሩ ለሌሉ ሰዎች «እንደምን አደራችሁ» እያለች ሄደች። ወጥ ቤቱ ስትደርስ የምድጃውን ዐምድ ዞረችው፤ አንድ የተሰነጠቀ ሸክላ ላይ ጣቷን አሳረፈችና፣ «ይሄን የሰበረችው ቬኔራዬ ናት» አለች፤ «በሙቀጫ ዘነዘና። አይቆጧት እመቤቴ፣ ሕፃን ናት።»

«አልቆጣትም» አለች ቬኔራ። ሸክላውን መስበሯን ራሷ ረስታው ነበር።

ጓሮው ላይ ሳንቃዎቹን ዘረጉ። አሮጊቷ ጠንቀቅ ብላ ቀዩን አፈሰሰች፤ ማማሰያዋን ይዛ ከዳር ወደ መሐል፣ ከመሐል ወደ ዳር ትገፋው ጀመር። ራሷ የረሳችውን እጇ አልረሳም። በየመሐሉ ቀና ብላ ተራራዋን ታያለች። እኛ አገር ልብስም ይሁን እህል ከማስጣቱ በፊት ወደ ተራራዋ ቀና የማይል ሰው የለም፤ አመድ እንዳይወርድበት ጢሱ ወዴት እንዳዘነበለ ታይቶ ነው የሚሰጣው። ቬኔራ ጎን ለጎን እየሠራች ጠበቀች። ስሟን ጠበቀች። ቀትር ላይ አሮጊቷ ወደ ሳንቃዋ ዞር ብላ፣

«ጎበዝ ነዎት እመቤቴ። ከማን ተማሩት?» አለቻት።

«ከእናቴ።»

«የታደሉ ነዎት። እንዴት ያለች እናት ነበረችዎ!»

ቬኔራ ሳንቃዋ ላይ አጎነበሰች። «ተሳዳቢ ነበረች» አለች።

«ለደግ ነው» አለች አሮጊቷ፣ ማማሰሏን ሳታቋርጥ። «የሚወደድ ልጅ ካልተሰደበ ሰው ዓይን ውስጥ ይገባል።»

በሁለተኛው ቀን አርክቴክቷ መጣች። ኤርሲሊያ ትባላለች፤ ከሰሜን የመጣች፣ ቀጠን ያለች፣ ስትናገር እንደኛ የማትጮህ ሴት ናት። ገዳሙን ከሰው አስበልጣ ትወዳለች ይሏታል። በወጥ ቤቱ በር ብቅ ስትል ቺሪኖ ከኋላዋ ነበር፤ ፊቱ አይብ መስሏል። ቀያይ ሳንቃዎቹ በታጠበው ጥቁር ድንጋይ ላይ ተደርድረዋል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች ዝግ ብላ።

«ዶቶሬሳ፣ እኔ... በሩን...» ቺሪኖ በማዕረጓ እየጠራ ተንተባተበ።

አግሪፒና ቀና አለችና በጦርነቱ ጊዜ የእርዳታ ዱቄት ታከፋፍል የነበረችው ወይዘሮ የመጣች መሰላት። «ተመስገን! ዱቄቱ መጣ? ባዶ እጅዎን ከሆነም አይፈሩ፣ ያንን ሳንቃ በዚያ በኩል ይያዙልኝ፤ ጥላ ደረሰበት።»

ኤርሲሊያ ቦርሳዋን ድንጋይ ላይ አስቀመጠችና ያዘች። ምን ታድርግ? አግሪፒና ያዢ ያለችውን ሳይዝ የቀረ ሰው አናውቅም። ሳንቃውን ወደ ፀሐይ አዛወሩት። ጣቷን ወደ ቀዩ ስትሰድ አሮጊቷ፣ «አይ አይ፣ ገና ነው፣ አይቅመሱ» አለቻት።

ቬኔራ ለኤርሲሊያ ምክንያቱን ሁሉ ነገረቻት። አልለመነችም፤ ለቺሪኖ ያለችውን ነው የደገመችው። አርክቴክቷ ወደ አሮጊቷ ማማሰያ ተመለከተች።

«እስከ መቼ ነው?»

«ፀሐይዋ ካልከዳችን እስከ ነገ ማታ።»

«ነገ ቀኑን ሙሉ ስብሰባ ላይ ነኝ» አለች ኤርሲሊያ ቦርሳዋን እያነሣች። «ያላየሁትን መከልከል አልችልም። ከሳንቃው ሥር ግን ጆንያ አንጥፉ። እባካችሁ! ይህን ድንጋይ ስናጥብ ጉልበቴ አልቋል።» በሩ ላይ ደርሳ ዞር አለችና፣ «የኔም እናት...» ብላ ጀመረች፤ ሳትጨርሰው ሄደች።

ሦስተኛው ቀን ጠዋት ተራራዋ አጉረመረመች። ቬኔራ ቀና ብላ አየች፤ ጢሱ ወደ ባሕሩ ነበር ያዘነበለው። ማሰሮዎቹን መሸከም ነበረባትና የስጡን መሸፈኛ አንሶላዎች ቤት ትታቸው ወጣች። «ወደ ባሕር ነው» አለች ለራሷ። የተራራዋን ልጅ ይህ ሁልጊዜ ያታልለዋል፤ ጢሱን አይቶ ነፋሱ እንደሚዞር ይረሳል።

ድልሁ ደርሶ ነበር። ከብዙው ሳንቃ ተሰብስቦ በጥቂቱ ላይ ቀርቷል፤ ጠቁሯል፣ ጠረኑም ኮሪደሩ ድረስ ይሸታል። ስሟ ግን አልተጠራም። ሦስት ቀን ሙሉ «እመቤቴ»፣ «ይረፉ»፣ «እግዜር ይስጥልኝ»። ከሰዓት በኋላ ቬኔራ ተስፋዋ ተሟጠጠ። ሞኝ ነኝ አለች፤ ከድንጋይ እናት ልጠብቅ። ቀሪዎቹን ማሰሮዎች ከጥበቃው ክፍል ልታመጣ እናቷን በጥላ ስር ቁጭ አድርጋ ወረደች። እዚያም ቺሪኖ ፊት ሆድ ባሳት፤ ትንሽ አለቀሰች፣ ውሃ ሰጣት፣ ትንሽ ቆየች።

ማሰሮዎቹን ታቅፋ ስትመለስ የኮሪደሩ ብርሃን እንደ ታመመ ሰው ዓይን ቢጫ ሆኖ አገኘችው። መስኮቶቹ ላይ የተበተነ ጨው የመሰለ ነገር ኮሽ ኮሽ ይላል። ታች፣ በምሰሶዎቹ መካከል፣ ተማሪዎች ጃንጥላ እየዘረጉ ይስቃሉ። ዝናብ አልነበረም። ነፋሱ ዞሮ ተራራዋ አመዷን ከተማው ላይ ታወርድ ነበር፤ ጥቁር፣ ደቃቅ፣ እንደ አሸዋ የሚቆረቁር አመድ።

ቬኔራ ማሰሮዎቹን መሬት ላይ አስቀመጠቻቸው ወይስ ጣለቻቸው፣ እስከዛሬ አታውቅም። ሮጠች። ያ ኮሪደር እንደዚያን ቀን ረዝሞባት አያውቅም። እናቷ ብቻዋን ናት። ትደነግጣለች፣ ትነሣለች፣ የአለቱ ጫፍ ደግሞ ገደል ነው። ቺሪኖ ከኋላዋ እያለከለከ ስሟን ይጠራል። የወጥ ቤቱን ዐምድ በትከሻዋ ታክካ በጓሮው በር ወጣች።

አግሪፒና አልሸሸችም። ጥቁር የሐዘን ቀሚሷን አውልቃ በሁለት ሳንቃዎች ላይ አልብሳዋለች፤ በሦስተኛው ላይ ደግሞ ነጭ የውስጥ ቀሚሷን ብቻ እንደለበሰች ክንዶቿን ዘርግታ በሰውነቷ ጎብጣበታለች። አመዱ ጀርባዋ ላይ፣ ሽበቷ ላይ ይወርዳል። ተማሪዎች በላይኛው መስኮት ተኮልኩለው ያያሉ፤ የሚስቅ ግን አልነበረም። የእግር ኮቴ ስትሰማ ቀና አለች፤ ዓይኗ ቬኔራ ላይ አረፈና በዚያች በተኮማተረች ደረት ውስጥ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ጩኸት ወጣ፤

«ቬኔራ! አንቺ ደንባራ! የት ነው የጠፋሽው? አንሶላው የታለ?»

ቬኔራ እበሩ ላይ ደርቃ ቀረች።

«ምን ይገትርሻል? ተራራዋን ሳታዪ ሳንቃ ታወጫለሽ? ስንቴ ልንገርሽ፣ አንቺ እጀ ሰባራ!» ቬኔራ ስትጠጋ አሮጊቷ በአንድ እጇ ሳንቃውን እንደያዘች በሌላው ደህና አድርጋ በጥፊ አላሰቻት። ሽበታሟ ሴትዮ ጉንጯ በድልህ ቀላ። ከኋላ የደረሰው ቺሪኖ ደም መስሎት ክው አለ።

«እማዬ...» አለች ቬኔራ።

«እማዬ አትበይኝ! ያዢ በዚያ በኩል! ቺሪኖ፣ አንተ ደግሞ ምን አፍህን ትከፍታለህ፤ ኮትህን አምጣ!»

ቺሪኖ የዘበኛ ኮቱን አውልቆ አለበሰ፤ ሳንቃውን። ሁለት ተማሪዎችም ጃንጥላቸውን ይዘው ወረዱ። እናትና ልጅ አንዱን ሳንቃ ከወዲያና ከወዲህ ይዘው ወደ ወጥ ቤቱ ተጓዙ፤ አሮጊቷ እየተሳደበች፣ ልጇ ዓይኗም አፍንጫዋም እየፈሰሰ። በሩ ጋ ሲደርሱ ቬኔራ ሳንቃውን ወደ ግራ አዘነበለችው።

«ቀጥ አድርጊው! ዓይን የለሽም?»

ቀጥ አደረገችው። ትንሽ ሄዳ ደግሞ ወደ ቀኝ አዘነበለችው። ሆነ ብላ ነው። ስድቡ እንዳያልቅባት ነው። ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም ሳንቃ ስታገባ እንደዚሁ አደረገች፤ ቺሪኖ ገብቶት ፊቱን አዞረ። እንዲህ ያለ ሌብነት እግዜርም ይቅር የሚለው ይመስለኛል።

ሳንቃው ሁሉ ከገባ በኋላ አግሪፒና ዐምዱ ሥር ቁጭ አለች። ቬኔራ ቀሚሷን አራግፋ አለበሰቻት፤ ሽበቷን በመሐረቧ ጠረገችላት። ውጭ አመዱ ይወርዳል፤ ውስጥ ድልሁ ይሸታል። አሮጊቷ ትንፋሿ ቀስ በቀስ ረጋ። የቬኔራን ጉንጭ አየችና አዘነች።

«እመቤቴ፣ ፊትዎን ምን ነካዎ?»

ቬኔራ እጇን ጉንጯ ላይ አሳረፈች። «ምንም አይደል» አለች። «የሰፈራችን ድልህ ነው።» ያን ቀን እቤቷ ገብታም ፊቷን ቶሎ አልታጠበችም።

ድልሁን ከላይ ከላይ ቀፈፉለት እንጂ አመዱ ሙሉ በሙሉ አልወጣም። ሌላ ሴት ብትሆን ትደፋው ነበር። ቬኔራ በዘይት እጇን ቀብታ እያሸች በማሰሮ አጨቀችው፤ በሶብላም ጣለችበት፤ ከአልጋዋ ራስጌ ባለው መደርደሪያ ላይም አስቀመጠችው። ጓሮው ላይ፣ ጆንያው ባልደረሰበት ቦታ፣ አንዲት ቀይ ጠብታ ቀርታ ነበር። ቺሪኖ ኤርሲሊያ ጎንበስ ብላ ስታያት አይቷታል። ብሩሽ አምጣ አላለችውም።

ክረምት ገባ፤ ቺሪኖም ጡረታ ወጣ። አንድ እሁድ ቬኔራ ምሳ ጠራችው፤ ፓስታ በደበርጃን ሠርታ፣ ከዚያ ማሰሮ በትልቅ ማንኪያ ዝቃ። ቺሪኖ ጎረሰ፣ አላመጠ፣ ቆም አለ። መንጋጋው ውስጥ የሆነ ነገር ቀጭ አለ።

«ቬኔራ! ይሄ ፓስታ ነው ወይስ የመንገድ ሥራ? የቀሩኝን ጥርሶች ልትጨርሺያቸው ነው?»

አግሪፒና ሹካዋን አስቀመጠች። እሷም አኝካለች። «አመድ ገብቶበታል» አለች። «ማን ነው ያሰጣው?»

«ማን ይሆናል፣ ቬኔራ ናታ!» አለ ቺሪኖ።

«ታዲያ ምን ያስጮህዎታል?» አሮጊቷ በተራዋ ተቆጣች። «ልጅ እኮ ናት! ተራራዋን ማየት ገና አልለመደችም። ትለምዳለች። ዝም ብለው ይብሉ።»

ቺሪኖ አቀርቅሮ በላ። አግሪፒና ወደ ቬኔራ ጠጋ አለችና ማንም እንዳይሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«እርስዎም እንዳይፈርዱባት፣ እመቤቴ። እሳደባለሁ እንጂ ከሷ ሌላ የለኝም። አሁን ትመጣለች» አለቻት።

«አልፈርድባትም» አለች ቬኔራ፤ ድስቱንም አንሥታ ለእናቷ ጨመረችላት።